ካልሞትን የማይከፍል መድን

(ይህ ጽሑፍ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣው ገጽ እንዲበቃ የመሐል ጨዋታውን ጥቂት ቀንሼ ሌላውን እንዳለ አቅርቤዋለሁ።)



‹‹ጋዜጠኛ አይደለህ፣ አንተው ተናገር›› ተብዬ ነው የቆምኩት። እውነቱን ለመናገር ግን እዚህ ያቆመኝ ጋዜጠኝነቴ አይደለም። የኔ ጋዜጠኝነት እንደምታውቁት የቅጥር አይደለም። ስጽፍ ይከፈለኛል፣ ካልጻፍኩ የለም። ብታመም ‹‹የሕመም ፈቃድ ተሰጥቶሃል›› ብሎ የሚፈርምልኝ አለቃ እንኳ የለኝም። ያቆመኝ ቤቴ ነው። ከዚህ አዳራሽ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው፣ ለጥቂት ከእጃችን ሊወጣ የነበረው ቤት።

ዛሬ በተራ ቁጥር 3 የተያዘው አጀንዳ፣ ዕድራችን ለሞተ ብቻ ሳይሆን ታሞ ሥራ ለተቋረጠበት አባልም ይክፈል ወይስ አይክፈል የሚል ነው። ኮሚቴው ውስጥ የሐሳብ ልዩነት እንዳለ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ገለልተኛ ነኝ ብል ውሸታም እሆናለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ቀጥሎ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ሌላው አገርም ምን እንደሆነ እጨምርበታለሁ። ፍርዱ የናንተ ነው።

እኔና ባለቤቴ ዕጣ ደርሶን ጀሞ የገባን ሰዎች አይደለንም። በ1997ቱ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ጊዜ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። በ2005ቱ ተመዝግበን ስንቆጥብ ቆየን፤ ዕጣው ወጣ ሲባል ስማችንን በጋዜጣ ላይ በጣት እየተከተልን ስንፈልግ ዓይናችን ደከመ። በመጨረሻ በ2012 የአምስት ዓመት የመሸጫ እገዳው ያለፈበት ባለ አንድ መኝታ ቤት ከባለዕጣው ገዛን። ግማሹን ከዘመድ፣ ከቁጠባና ከባለቤቴ ወርቅ አወጣን። ግማሹን፣ ማለትም 700,000 ብር፣ ከአንድ ባንክ በአሥራ አምስት ዓመት የሚከፈል ብድር ወሰድን። ወርሃዊ ክፍያው አሥር ሺህ ብር ከምናምን ነበር። ብድሩ የቆመው በኔ ገቢ አልነበረም። ባንክ የኔን ዓይነት ገቢ ሲያይ ይስቃል። ባለቤቴ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነች በእሷ ደሞዝ ነው የተፈቀደልን።

የውሉ ዕለት ስንት ወረቀት እንደፈረምን እግዜር ይወቀው። ‹‹እዚህ ጋ ፈርሚ፣ እዚህም፣ እዚህም›› ስትባል ባለቤቴ በመሐሉ እጇን እያፍታታች ነበር። ከወረቀቶቹ ውስጥ ሁለቱ የመድን ውሎች ነበሩ። አንዱ የእሳት፣ ሌላው የሕይወት። አረቦኑን ከፈልን። ወጥተን ማኪያቶ ስንጠጣ እንዲህ ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ‹‹ደግሞ እኮ ኢንሹራንስ አለን። አንድ ነገር ብንሆን ቤቱ አይነካም።›› ‹‹አንድ ነገር ብንሆን›› ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። እኔ፣ በጥያቄ እንጀራ የምበላው ሰው!

ጥቅምት 2014 ነው። የጀሞን ውኃ ለናንተ አልነግራችሁም። ሲመጣ ሌሊት ይመጣል፤ ሲመጣም አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ባለቤቴ ከታች የሞላችውን ጀሪካን ተሸክማ ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ወገቧ ‹‹ቀጭ›› አለ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሐኪሙ ‹‹ዲስክ ነው›› አለን። መጀመሪያ መኝታ፣ ቀጥሎ ፊዚዮቴራፒ፣ እንደገና መኝታ፣ በመጨረሻ ኦፕራሲዮን። ሰባት ወር።

ሕጉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንዲህ ይላል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ባልመጣ ሕመም ሥራ መሥራት ካልቻለ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያውን አንድ ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ ደሞዝ፣ የቀሩትን ሦስት ወራት ያለ ደሞዝ። ከዚህ በፊት የነበረው አዋጅ 377/1996ም ይህንኑ ነበር የሚለው። አዋጁ ሲለወጥ የታማሚው ሦስት ባዶ ወራት አልተለወጡም።

በኛ ቤት ስንመነዝረው እንዲህ ሆነ። የባለቤቴ የተጣራ ደሞዝ 19,000 ብር ነበር። ጥቅምትን ከፈልን። ኅዳርና ታኅሣሥ በግማሽ ደሞዝ 9,500 ብር ገባ። ይሄ ለባንኩ እንኳ አይበቃም፤ መድኃኒቱን፣ ልጁን፣ አስቤዛውን ተዉት። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት ምንም። ሚያዝያ ላይ ስድስት ወሩ ስላለቀ የሥራ ውሏ ተቋረጠ። አሠሪዋን አልወቅስም፤ ሕጉ የፈቀደለትን ነው ያደረገ። ያልተጠቀመችበትን የዓመት ፈቃድ ክፍያ ሰጥቶ፣ ‹‹ፈጣሪ ይማርሽ›› ብሎ ሸኛት።

አንድ ነገር ታዘቡልኝ። ባለቤቴ ያንን ጀሪካን የተሸከመችው ቢሮዋ ውስጥ ለሥራ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ይኸው አዋጅ ለጊዜያዊ የአካል ጉዳት እስከ አንድ ዓመት ያስከፍላል። ሦስት ወር ሙሉውን፣ ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀረውን ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ። ወገቡ ያው ወገብ ነው፤ ባንኩም ያው ባንክ ነው። ልዩነቱ ደረጃው የማን ነው የሚለው ብቻ ነው።

ጡረታስ? አትሉም! ከደሞዛችን ሰባት በመቶ እየተቆረጠ አሠሪው አሥራ አንድ በመቶ ጨምሮበት በየወሩ ይገባል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የጤና ጉድለት አበል የሚባል ነገር አለው። እሱ ግን አሥር ዓመት አገልግሎ ከእንግዲህ ለሥራ ብቁ አይደለም ተብሎ በሐኪም ለተረጋገጠ ሰው ነው። ባለቤቴን ሐኪሙ ‹‹ትድናለች›› ነው ያለን። እኛም ‹‹ተመስገን›› ነው ያልነው። በምርመራ ወረቀት ላይ የተጻፈ የምሥራች ገንዘብ ሲያስከለክል ያየሁት ያኔ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ቢሆን ሐኪም ቤቱን ነው የሚከፍለው፤ ለቀረው ደሞዝ ምትክ አይሆንም።

ታዲያ የካቲት ውስጥ አንድ ሌሊት ያ የሕይወት መድን ትዝ አለኝ። ጠዋት ተነሥቼ የውሉን ቅጂ ይዤ ወደ መድን ድርጅቱ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋትም አላገኘሁበት። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች።

‹‹ምን ነበር ጋሼ?›› አለችኝ። ጋሼ መባሉ ራሱ ያሳምማል፣ ግን ይሁን።

‹‹ባለቤቴ የቤት ብድር መድን አላት። ታማለች።››

‹‹እግዜር ይማራት። የሞት ማስረጃ ይዘዋል?››

‹‹ኧረ አልሞተችም!››

‹‹ይቅርታ። ቋሚ ሙሉ የአካል ጉዳት ነው?››

‹‹ኧረ ሐኪሙ ትድናለች ነው ያለው።››

ውሉን ገልጣ አሳየችኝ። አንድ፣ ተበዳሪዋ ስትሞት። ሁለት፣ በቋሚነትና ሙሉ በሙሉ ሥራ የማትችል ስትሆን። ሌላ የለም። ገንዘቡም የሚከፈለው ለኛ አይደለም፤ ተጠቃሚ በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው የባንኩ ስም ነው። የመድኑ መጠንም ከዕዳው ጋር አብሮ እየቀነሰ ይሄዳል። ዕዳው ሲያልቅ መድኑም ያልቃል። ‹‹እንደው ለጥቂት ወር ለታመመ የሚከፍል የለም?›› አልኳት። ‹‹እኛ ጋ የለም›› አለችኝና ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ ‹‹እኔም የቤት ብድር አለብኝ›› አለች።

ከዚያ ወጥቼ ወደ ሜክሲኮ ታክሲ ስጋፋ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ብታፍሩብኝም ልናገር። ባለቤቴ ከምትድን ብትሞት ለባንኩ ይሻል ነበር። ለቤቱም ይሻል ነበር። እኔና ልጄ ከዕዳ ነፃ በሆነ ቤት እንቀመጥ ነበር። ይህን ሐሳብ ያመጣው ክፋቴ አይደለም። የተፈረመው ወረቀት ራሱ እንደዚያ ነው የሚያስበው።

መጋቢት ላይ የባንኩ ደብዳቤ መጣ። አዋጅ ቁጥር 97/1990ን የምታውቁ ታውቃላችሁ። በዚህ አዋጅ መሠረት ባንክ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለው፣ በውሉ ላይ ከተስማማችሁ፣ ቢያንስ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ቤት ራሱ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። አስቀድሞ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። በውሉ ላይ ደግሞ ማን አይስማማም? ካልተስማማህ ብድሩ የለማ! እንግዲህ ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንደኛው ‹‹ታመሃልና ሦስት ወር ያለ ደሞዝ ተኛ›› ይላል። ሌላኛው ‹‹በሠላሳ ቀን ክፈል›› ይላል። ሁለቱንም ያወጣው ያው ምክር ቤት ነው። ሁለቱን አዋጆች ባንድ ጠረጴዛ ላይ አንብቦ ‹‹ይሄ ሰውዬ በመሐል ምን ይበላል?›› ብሎ የጠየቀ አንድ የሕዝብ ተወካይ ከነበረ ንገሩኝ፤ ሄጄ እጁን ልጨብጥ።

ባንክ ለምን ዕዳውን ይጠይቃል አልልም። የሚያበድረው የሌላ ሰው ቁጠባ ነው፤ ምናልባትም የናንተ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ባንኩ ብድሩን ሲሰጥ እሳትን ፈርቶ የእሳት መድን አስገባን። ሞትን ፈርቶ የሕይወት መድን አስገባን። ሕመምን ግን አልፈራም። ለምን? ሲታመሙብን ቤቱን ሸጦ መውጣት ይችላላ። ሕመምን መፍራት ያለብን እኛ ነን፤ የኛን ፍርሃት ደግሞ የሚሸጥልን የለም።

በዚያ ሰሞን የዚህ ዕድር ሰዎች ሊጠይቁን መጣችሁ። አልረሳውም። ብርቱካኑ፣ ሙዙ፣ የታሸገው ጁስ ጠረጴዛውን ሞላው። እማማ ከመጀመሪያ ፎቅ አጥሚት ሠርተው አመጡልን። አንድ የኮሚቴ አባል ሲወጡ በሩ ላይ ይዤ ችግሬን ነገርኳቸው። አዘኑ፤ ከልባቸው ነው ያዘኑት። ‹‹ልጄ፣ ካዝናው ውስጥ ብር አለ። ግን ደንቡ አይፈቅድም። ሰው ካልሞተ አይከፈትም›› አሉኝ። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ባንኩም፣ መድን ድርጅቱም፣ ዕድራችንም አንድ ቋንቋ ነው የሚናገሩት። ድንኳኑ ዝግጁ ነው፣ ወንበሩ ዝግጁ ነው፣ ለንፍሮው ድስት አለ። ሰውዬው ግን መጀመሪያ መሞት አለበት።

ቤቱን ያተረፈው እቁብ ነው። የሠፈሩ እቁብ ዳኛ ነገሩን ሰምተው አንድ ነጋዴ ወንድማችንን አነጋገሩልን፤ እሱም የደረሰውን ዕጣ ለቀቀልን። በሃያ ስምንተኛው ቀን የተጠራቀመውን ከነቅጣቱ ከፈልን። ባለቤቴ ግንቦት ላይ ቆመች፤ ክረምቱ ሳይወጣ ሌላ ሥራ አገኘች፣ ባነሰ ደሞዝ። የዚያን እቁብ ዕዳ ዓመት ተኩል ከፈልነው። እኛ ተርፈናል። ግን ያተረፈን ሥርዓት ሳይሆን የአንድ ሰው ደግነት ነው። እዚያ ብሎክ ውስጥ ለሚቀጥለው ታማሚ ዕጣ የሚለቅ ነጋዴ ይኖር ይሆን?

እንግዲህ ወደ ትልቁ ነገር ልሂድ። መድን ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1898 የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። በ1943 ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ ተቋቋመ። ደርግ በ1967 አሥራ ሦስት የመድን ኩባንያዎችን ወርሶ በኋላም የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን አቆመ። በ1986 ደግሞ በአዋጅ 86 በሩ ለግል ባለሀብት እንደገና ተከፈተ። ከመቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ገበያው የመኪና ጎማ አጠገብ ነው የቆመው። ለመኪናችን መከላከያ መድን አለን፤ መኪናውን የሚገዛው ጉልበት ግን መድን የለውም።

‹‹ሌላ አገር አለ ወይ?›› የሚል ይኖራል። አለ። እንግሊዞች ጋ የብድር ክፍያ መድን የሚባል አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። በወር በወር አረቦን ትከፍላለህ። ብትታመም፣ አደጋ ቢደርስብህ ወይም ያለ ጥፋትህ ከሥራ ብትቀነስ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር መጠበቂያ ጊዜ በኋላ የቤትህን ወርሃዊ ክፍያ መድኑ ይከፍልልሃል። ለዘላለም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እስከ አሥራ ሁለት ወር ነው። ባለቤቴ ያስፈለጋት ይሄው ነበር። አምስት ወር ቢከፈልላት እቁብ አንለምንም ነበር።

ነገር ግን ‹‹እንግዲያው ባንኮቻችን ይሽጡልን›› ብላችሁ ሳታጨበጭቡ፣ የእንግሊዞቹን ጉድ ደግሞ ስሙ። ባንኮቹ መድኑን ከብድሩ ጋር አጣብቀው መሸጥ ጀመሩ። ለማን? ለሁሉም። በግሉ ለሚሠራ ሰው ይሸጡለታል፤ በውሉ ውስጥ ግን በግሉ የሚሠራ አይከፈለውም ይላል። ቀድሞ ሕመም ላለበት ይሸጡለታል፤ ቀድሞ የነበረ ሕመም አይሸፈንም ይላል። ብዙው ሰው መግዛቱን እንኳ አያውቅም ነበር፤ ‹‹እዚህ ጋ ፈርሚ፣ እዚህም›› ነው ነገሩ። በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 የተወሰነ አንድ ጉዳይ አለ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት እ.ኤ.አ. በ2006 34,000 ፓውንድ ስትበደር የመድን አረቦን 5,780 ፓውንድ ተጨመረባት። ከዚህ አረቦን ውስጥ 71.8 በመቶው ኮሚሽን ነበር። ከመቶው ብር ሰባ ሁለቱ ለሻጮቹ ኪስ ማለት ነው! ብድሩ የአሥር ዓመት ሲሆን መድኑ የአምስት ዓመት ብቻ ነበር። በመጨረሻ ነገሩ ፈነዳ። ተቆጣጣሪው አካል እስከ ኦገስት 29 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ አቤቱታ ይቀርብ ዘንድ የጊዜ ገደብ አስቀመጠ፤ ባንኮቹም ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ለሕዝቡ መለሱ።

ይህን የምነግራችሁ መድኑ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። መድኑ ጥሩ ነው፤ ክፉ የሆነው አሻሻጡ ነው። እኛ አገር ብዙዎቹ የግል ባንኮችና የመድን ድርጅቶች በስም ሳይቀር እህትማማች ናቸው። ፈቃድ የመስጠቱም የመቆጣጠሩም ሥልጣን በአዋጅ የተሰጠው ለብሔራዊ ባንክ ነው። ነገ አንዱ ተነሥቶ ይህን መድን ሊያመጣ ይችላል፤ ይምጣም እላለሁ። ሲመጣ ግን ወረቀቱን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ። በግሌ ለምሠራው ለኔ ይከፍላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጉሊት የምትሸጠዋ እናት፣ ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን ከየትኛው አለቃ ነው ‹‹ሥራ አልገባም›› የሚል ደብዳቤ የሚያመጡት? ስንት ቀን ስንጠብቅ ነው መክፈል የሚጀምረው? ለስንት ወር? ደግሞ የነበረባችሁን በሽታ አትደብቁ። አሁንም የሚሠራው የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ሆን ብሎ ለደበቀና ለዋሸ ሰው ውሉን ያፈርስበታል። ስኳር ያለበት ሰው ‹‹የለብኝም›› ብሎ ፈርሞ ዓመታት አረቦን ከፍሎ፣ በችግሩ ቀን ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

እስኪመጣ ድረስስ? እዚህ ላይ ነው አጀንዳ ቁጥር 3።

ሒሳብ ሠርቻለሁ፤ ባለቤቴ አርማልኛለች፣ ስለዚህ እመኑት። አባሎቻችን 240 ነን። እያንዳንዳችን በወር 100 ብር ብንጨምር በወር 24,000፣ በዓመት 288,000 ብር ይሆናል። ለአንድ ታማሚ ቤተሰብ በወር 8,000 ብር፣ ቢበዛ ለአራት ወር እንክፈል ብንል፣ ለአንድ ሰው 32,000 ብር ነው። ሲካፈል በዓመት ዘጠኝ ሰው ይደርሰዋል። አሥረኛው የታመመ ዕለት ካዝናው ባዶ ነው። ይህንን ደብቄ ‹‹ይቻላል፣ ይቻላል›› ብል አታላይ እሆናለሁ። ጀሞ ውስጥ ተስቦ ቢገባ ወይም አንድ ብሎክ ላይ አደጋ ቢደርስ አሥር ሰው ባንድ ወር ሊተኛ ይችላል። መድን የሚሠራው ብዙ ሰው ሲገባበት ነው፤ 240 ሰው ትንሽ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ራሳቸው ይህን ስለሚፈሩ የያዙትን አደጋ ከፍለው ለሌላ መድን ሰጪ ያስተላልፋሉ። እኛም ከጀሞ ሁለትና ከጀሞ ሦስት ዕድሮች ጋር ተነጋግረን ካዝናውን ብናያይዘው የአሥረኛው ሰው ችግር ይቀላል። የነሱን ሊቀ መንበሮች አነጋግሬ ‹‹ስታጸድቁ ኑ›› ብለውኛል።

ሁለት ተቃውሞ ሰምቻለሁ። አንደኛው ‹‹ሰው ሳይታመም ታመምኩ ይላል›› ነው። እውነት ነው፤ ይላል። ሞት ላይ እኮ የማናጭበረብረው ሬሳ ስለማይዋሽ ነው። ስለዚህ የሐኪም ወረቀት ይምጣ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት ቤት ሄደው ይዩ፣ የመጀመሪያው አንድ ወር አይከፈል። ጎረቤት ደግሞ ከማንም መርማሪ ይበልጣል፤ እኛ ሠፈር ማን ጀሪካን እንደተሸከመና ማን እንዳልተሸከመ የማያውቅ የለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከተከራዮች ነው። ‹‹እኛ የባንክ ዕዳ የለብንም፣ ለምን ለባለ ቤቶች ዕዳ እናዋጣለን?›› ይላሉ። ትክክል ናቸው። ለዚህ ነው ገንዘቡ ለባንክ ሳይሆን ለቤተሰቡ እጅ ይሰጥ የምለው። አከራይም እኮ ሠላሳ ቀን አይጠብቅም።

በጉዳዩ ላይ አባቶች የሚያነሡት አንድ ሦስተኛ ነገርም አለ፤ በሹክሹክታ ስለሆነ ተቃውሞ አልለውም። ‹‹ዕድር የሞት ነው፤ በሽታ ውስጥ ሲገባ መዓት መጥራት ይሆናል›› የሚል። አከብራቸዋለሁ። እኔ ግን በዚያ ሌሊት ጨለማ ውስጥ ሚስቴ ተኝታ ስታቃስት ‹‹ስሞት ቤቱ ይተርፍላችኋል እኮ›› ስትለኝ ሰምቻለሁ። ውሉን አንብባው ነበር። ቀልዷን ነው፤ ግን አልሳቀችም።

በእጃችሁ ባለው ረቂቅ፣ የዕርዳታ ምክንያቶች በሚለው አንቀጽ፣ ‹‹አባሉ ወይም የቤተሰቡ አባል ሲሞት›› ከሚለው ቀጥሎ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ‹‹አባሉ በሕመም ምክንያት ከአንድ ወር በላይ ሥራ መሥራት ሲያቅተው።›› ክርክሩ በዚች መስመር ላይ ነው። 

(ከንግግሩ በኋላ አንድ ሰዓት ከሩብ ክርክር ተደረገ። ድምፅ ሲሰጥ መስመሯ አለፈች፤ የወር መዋጮው ግን ከ100 ብር ወደ 60 ብር፣ የሚከፈለውም ከአራት ወር ወደ ሦስት ወር ዝቅ ተደርጓል። ከጀሞ ሁለትና ከጀሞ ሦስት ዕድሮች ጋር የሚነጋገሩ ሦስት ሰዎች ተመርጠዋል። አንደኛው እኔ ነኝ።)